ይሉኝታን በወረቀት ማሰር፦ ለጥናት ጆርናል አዘጋጆች ዝርዝር መመሪያ

አዘጋጅ ሆኜ በተመደብኩ በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጠራ። የደወሉት ዲግሪዬን ስሠራ ያስተማሩኝ መምህር ነበሩ። «እንዴት ነህ ልጄ፣ ቤተሰብ ደኅና?» ብለው ጀመሩ። ስለ ልጆቼ፣ ስለ እናቴ ጉልበት፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ጠየቁኝ። በመጨረሻ «ያቺን ጽሑፌን ልኬልሃለሁ፤ መቼም አንተ እያለህ…» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

ጎጃም ያደገ ሰው ያ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ገንዘብ አልተሰጠኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ሰውየው ምንም መጥፎ ነገር አላሰቡም። ግን ስልኩን ስዘጋ ጽሑፉ በልቤ ግማሽ መንገድ አልፎ ነበር፤ ገና አንድ መስመር ሳላነብ።

ስለ ጆርናል ሥነ ምግባር የሚጻፉ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሌብነት ያወራሉ፦ ጽሑፍ ስለ መስረቅ፣ መረጃ ስለ መፈብረክ፣ ጉቦ ስለ መቀበል። እነዚህ ሁሉ አሉ፤ እደርስባቸዋለሁ። እኔ ባየሁት ግን እኛ ጋ አዘጋጅን የሚጥለው ሌብነት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን ደግሞ በቆራጥነት ብቻ ማሸነፍ አይቻልም። የሚሻለው ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ደንቡን ጽፎ ማስቀመጥና በኋላ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ወረቀቱ እንዲናገር ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምናደርገው ነው።

ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የተማረ ሰው ነገሩን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ማለትም ቅኔውን ያዘጋጃል፤ ከዚያ የቆጠረውን ይዞ ለነገራ፣ በመምህሩ ፊት ለማሰማት፣ ይቀርባል። የኔታ ሰምተው ቤቱ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ ያልተገናኘበትን ይነግሩታል። የባለጸጋ ልጅ ነው ተብሎ የጎደለ ቤት አይሞላለትም። ቅኔ ደግሞ አይደገምም፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ ነውር ነው። የጥናት ግምገማ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው።

1. ሹመቱን ከመቀበልዎ በፊት ደብዳቤውን ያንብቡ

አብዛኞቻችን የምንሾመው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከመደበኛ ሥራዎ በተደራቢነት እንዲሠሩ ተመድበዋል።» ደብዳቤውን ይዘው ወደ ሰጠዎት ኃላፊ ይመለሱና ጥቂት ነገሮች በጽሑፍ እንዲገቡ ይጠይቁ። የሥራ ዘመኑ ስንት ዓመት ነው? በምን ምክንያት፣ በማን ውሳኔ ሊነሱ ይችላሉ? አንድ ጽሑፍ ይታተም ወይም አይታተም የሚለው የመጨረሻ ቃል የማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። ዩኒቨርሲቲው አሳታሚ ነው፤ በጀት ይመድባል፣ ድረ ገጹን ያስተዳድራል፣ አዘጋጁን ይሾማል። የትኛው ጽሑፍ ይውጣ የሚለው ግን የአዘጋጁ ነው። ይህ መስመር በታላላቆቹም ዘንድ ሲጣስ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የራሱን ጆርናል ለ17 ዓመት የመሩትን ጆርጅ ለንድበርግን አሰናብቷል፤ ማኅበሩ የሰጠው ምክንያት በፖለቲካ ሙግት መሐል አንድ ጽሑፍ አፋጥነው አወጡ የሚል ነበር። እንዲያ ያለ ታሪክ ያለው ተቋም እዚያ ከተንሸራተተ፣ እኛ በቃል ስምምነት ብቻ ብንቀመጥ ምን እንደሚገጥመን መገመት አይከብድም።

የማስተማር ሰዓት ቅነሳም በደብዳቤው ይግባ። ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ አይመስልም፤ ነው። ሌሊት አሥራ ሁለት ክሬዲት ሰዓት የፈተና ወረቀት ሲያርም ያደረ ሰው ጽሑፍ ሳያነብ ያሳልፋል።

2. ዝምድናዎን ይመዝግቡ

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይላሉ። ከአመዱ መለየት ካልተቻለ ቢያንስ አመዱ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ደብተር ይክፈቱና ጽሑፋቸውን ማየት የማይገባዎትን ሰዎች ይዘርዝሩ። የውጭ አገር ቅጾች የሥጋ ዝምድናን፣ የገንዘብ ጥቅምን፣ አብሮ መጻፍን ይጠይቃሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ለእኛ አይበቃም። አበልጅዎ አለ። ልጁን ክርስትና ያነሱለት ባልደረባ አለ። በአንድ ጽዋ ማኅበር የሚጠጡት፣ በአንድ ዕቁብ ያሉት፣ ዋስ የሆነልዎት ሰው አለ። አማካሪዎ የነበሩ፣ እርስዎ ያማከሯቸው፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት አብረው የጻፉ፣ በአሁኑ ሰዓት በእርስዎ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ላይ የተቀመጡ ሁሉ ይግቡ። የተጣሉት ሰውም ይግባ፤ ጠብም እንደ ዝምድና ሚዛን ያዛባል።

ከዚያ ደንቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፦ በዝርዝሩ ካለ ሰው ጽሑፍ ሲመጣ አዘጋጁ ገምጋሚ አይመርጥም፣ ውሳኔ አይሰጥም፣ ፋይሉን አይከፍትም፤ ጉዳዩ ወደ ሌላ የቦርድ አባል ይተላለፋል። የራስዎን ጽሑፍ በራስዎ ጆርናል የሚያወጡ ከሆነም ደንቡ ያው ነው፤ ሲታተምም «ይህን ጽሑፍ ያስተናገደው ሌላ አዘጋጅ ነው» የሚል ማስታወሻ ከግርጌ ይቀመጥ። እኔን ከጠየቁኝ በሥራ ዘመንዎ በራስዎ ጆርናል ላይ ባያወጡ ይመረጣል። ክልክል ግን አይደለም።

መምህሬን በማግሥቱ መልሼ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ጽሑፍዎ ደርሷል። እኔ ተማሪዎ ስለነበርኩ ደንቡ እንዳየው አይፈቅድልኝም፤ ለሌላ አዘጋጅ ተላልፏል» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። «ደንብ ነው?» «ደንብ ነው ጋሼ።» እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሰዓት ደንብ የሚባል ነገር አልተጻፈም ነበር። ሌሊቱን ጽፌ በሚቀጥለው ሳምንት ቦርዱን አስጸደቅሁ። እርስዎ ቀድመው ይጻፉት፤ እንደ እኔ ወደ ኋላ አይቁጠሩ።

3. ጽሑፉ በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት

አንድ ጽሑፍ ወደ ገምጋሚ የሚሄድ መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት ይወስኑ። የማይሆን ከሆነ በዚያው ሳምንት ይመልሱት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። ጸሐፊን የሚያስቀይመው የመመለሱ ነገር ብቻ አይደለም፤ ስምንት ወር ጠብቆ «ከጆርናላችን የጥናት ዘርፍ ውጭ ነው» መባል ነው። የደረጃ ዕድገቱን በዚያ ጽሑፍ የሚጠብቅ ሰው ስምንት ወሩን ከየት ይተካዋል?

ቀጥሎ የስርቆት ፍተሻ። ኮምፒዩተሩ «መመሳሰል 23 በመቶ» ብሎ ሲያወጣ አንዳንድ ቦርድ ቁጥሩን እንደ ፍርድ ይይዘዋል፦ ከ20 በላይ ከሆነ ውድቅ፣ ከበታች ከሆነ እለፍ። ይህ ስንፍና ነው። የላብራቶሪ ሥራ ዘዴ የሚገለጽበት ክፍል ከሌላ ጽሑፍ ጋር ቢመሳሰል ብዙም አያስደነግጥም። ውጤቱን የሚተነትነው ክፍል ላይ አንድ አንቀጽ እንዳለ ከሌላ ሰው ከተወሰደ ግን 4 በመቶም ይበዛል። ሪፖርቱን ከፍተው የተቀለመውን ያንብቡ።

በአማርኛ ለተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ ማሽኑ ግማሽ ዕውር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየራሳቸው ኮድ በሚሠሩ ፎንቶች የተተየበ የመመረቂያ ጽሑፍ መዓት አለ፤ ኮምፒዩተሩ እንደ ትርጉም የለሽ ምልክት ነው የሚያየው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ የቀረበ ስርቆትንም በቀላሉ አይይዝም። «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የቀየረ ሰው ሳያስበው ያመልጠዋል። ስለዚህ እጅዎን ይጠቀሙ። ቋንቋው በድንገት የሚሻሻልበትን፣ ስልቱ የሚለወጥበትን አንቀጽ ይምረጡ፤ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ይፈልጉት። ርዕሱ የአካባቢ ከሆነ የትምህርት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ይሂዱና አቧራ የለበሱትን የማስተርስ ጽሑፎች ያገላብጡ። እኔ ያገኘሁት ትልቁ ስርቆት ከቢሮዬ ሁለት መቶ እርምጃ የማይርቅ መደርደሪያ ላይ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል፦ በቻትጂፒቲና በመሰሎቹ የተጻፈ ጽሑፍ። እነዚህ መሣሪያዎች የሌለ ጥናት፣ የሌለ ገጽ ቁጥር፣ ስሙ ትክክል ሆኖ ሥራው የሌለ ደራሲ እየፈጠሩ ማጣቀሻ ይደረድራሉ። ከማጣቀሻ ዝርዝሩ አምስት በዕጣ መርጠው አንድ በአንድ ይፈልጉ። ሁለቱ ከጠፉ ጽሑፉን አቁመው ጸሐፊውን ይጠይቁ። እንግሊዝኛ ለማቃናት መጠቀምን እኔ አልከለክልም፤ ይገለጽ ብቻ እላለሁ። በጸሐፊነት ግን አይመዘገብም። ኮፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴም ያለው ይህንኑ ነው፤ ማሽን ለጻፈው ነገር ሊጠየቅ አይችልምና።

4. ስም የሚሰፍረው ለማን ነው

እዚህ ረጋ እላለሁ፤ ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነውና።

የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለጸሐፊነት አራት መስፈርት አስቀምጧል፤ ከሕክምና ውጭም ይሠራል። ሰውየው በሐሳቡ ወይም በመረጃው ወይም በትንታኔው ላይ ቁም ነገር ያለው ድርሻ ሊኖረው፣ ጽሑፉን በማርቀቅ ወይም በጥልቀት በማረም ሊሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ሊያጸድቅ፣ ለሥራው ተጠያቂነትን ሊቀበል ይገባል። አንዱ አይበቃም፤ አራቱም ናቸው።

በዚህ ሚዛን የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስለሆነ ብቻ ስሙ አይገባም። መኪና የፈቀደ፣ ላብራቶሪ የከፈተ፣ በጀት የፈረመ ሰው ምስጋና ላይ ይገባል፤ ምስጋና ደግሞ ውርደት አይደለም። በአንጻሩ ጮቄ ተራራ ሥር አርሶ አደር ቤት እያደረ ሦስት ወር መጠይቅ ያስሞላው፣ ከዚያም ረቂቁን የጻፈው ተማሪ ከዝርዝሩ ከጠፋ ስርቆት ነው። የማስተርስ ጽሑፍ ወደ ጆርናል ሲቀየር ተማሪው ቀዳሚ ጸሐፊ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ። አማካሪው ሁለተኛ ቢሆን ምንም አይጎድልበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጽሑፍ ሲገባ ማን ምን እንደሠራ የሚዘረዝር ቅጽ ይሞላ፤ ሁሉም ይፈርሙ። ከዚያ ጽሑፉ መድረሱን ላስገባው ሰው ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ጸሐፊ በየራሱ ኢሜይል ያሳውቁ። ይህች ትንሽ እርምጃ ያጋለጠችውን ነገር ብነግርዎ አያምኑም። «እኔ ይህን ጽሑፍ አላውቀውም» የሚል መልስ የመጣው አንዴ ሁለቴ አይደለም። ጽሑፉ ከገባ በኋላ ስም መጨመር ወይም መቀነስ ሲፈለግም ሁሉም፣ የሚወጣው ሰው ጭምር፣ በጽሑፍ ይስማሙ። ካልተስማሙ እርስዎ ዳኛ አይሁኑ፤ ወደ ተቋማቸው ይመልሱት። ሽምግልና የአዘጋጅ ሥራ አይደለም፤ ጊዜዎን ይበላል፣ ሁለቱንም ወገን ያሳጣዎታል።

5. ገምጋሚ መፈለግ

ቢያንስ ሁለት ገምጋሚ፣ ቢቻል አንዱ ከሌላ ከተማ። ጸሐፊው ራሱ የጠቆማቸውን ስሞች ማየት ይችላሉ፤ ግን የሰጠውን ኢሜይል ሳያጣሩ አይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሴጅ የተባለው አሳታሚ ከአንድ የምሕንድስና ጆርናሉ 60 ጽሑፎች በአንድ ጊዜ ሰርዟል፤ ጸሐፊዎች በሐሰት ስምና ኢሜይል ገምጋሚ እየፈጠሩ የራሳቸውን ሥራ ሲያወድሱ ተገኝተው ነበር። የተቋም ኢሜይል ይጠይቁ፤ ከሌለ ስልክ ይደውሉ። እኛ አገር ስልክ ከሁሉም የተሻለ ማጣሪያ ነው።

ስም ተደብቆ የሚደረግ ግምገማ እኛ ጋ ሙሉ በሙሉ እንደማይሠራ ከወዲሁ ይቀበሉ። ስለ ዘጌ ቡና፣ ስለ ጣና ዓሣ፣ ስለ አገውኛ ሰዋስው የሚጽፈው ሰው ይታወቃል። ገምጋሚው ርዕሱን እንዳየ ይገምታል። ያም ቢሆን ስሙን ያጥፉ። ከሽፋኑ ብቻ ሳይሆን ከፋይሉ ባሕሪያት ውስጥ፣ «ባለፈው ጥናታችን እንዳሳየነው» ከሚሉ ዓረፍተ ነገሮች፣ ከምስጋናው ሁሉ ያጥፉት። የሚገምት ሰው ቢያንስ እርግጠኛ አይሁን።

ለገምጋሚው የሚልኩት ደብዳቤ አጭር ይሁን፦

«ክቡር ዶክተር፣ የተያያዘውን ጽሑፍ እንዲገመግሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ጸሐፊውን አውቀው ወይም ገምተው ፍርድዎን የሚያዛባ ግንኙነት ካለ ምክንያቱን መግለጽ ሳያስፈልግ ይመልሱልን። ጽሑፉ ምሥጢር ነው፤ ለተማሪ ወይም ለባልደረባ አይተላለፍም፣ በማንኛውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ላይ አይጫንም። በአራት ሳምንት ውስጥ ቢደርሰን፤ የማይመች ከሆነ በሦስት ቀን ያሳውቁን።»

«ምክንያቱን መግለጽ ሳያስፈልግ» የሚለውን አያውጡት። ሰው «አልፈልግም» ለማለት ሲያፍር ነው ጽሑፉን ስድስት ወር የሚይዘው። አራት ሳምንቱም ቢሆን በወረቀት ያለ ነው፤ ክረምት ላይ መምህራን ወደየአገራቸው ይበተናሉ፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ሳምንት ይመጣል። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ገምጋሚን በቀነ ገደብ መክሰስ አይቻልም ነበር። ለጸሐፊው ግን ዝም አይበሉ፤ የዘገየበትን ምክንያት በአጭር መልእክት ይንገሩት።

ለገምጋሚ አበል የሚከፍል ጆርናል ካለ ክፍያው ለሥራው ነው፤ ጽሑፉ ቢያልፍም ቢወድቅም እኩል ይከፈል።

6. መወሰን

ድምፅ አይቁጠሩ። ሁለት ገምጋሚ «ይለፍ» ቢሉም እርስዎ ሠንጠረዡ ላይ ያዩት ስሕተት ካለ ጽሑፉ አያልፍም። አንዱ በሦስት መስመር «ጥሩ ነው» ብሎ ሌላው በአራት ገጽ ቢተች አራቱን ገጽ ያንብቡ። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ገምጋሚ መካሪ እንጂ ፈራጅ አይደለም። ደብዳቤውን ሲጽፉም የገምጋሚዎቹን ወረቀት አጣብቀው ብቻ አይላኩ። የግድ መስተካከል ያለበት የቱ እንደሆነ፣ አስተያየት ብቻ የቱ እንደሆነ ይለዩለት። ሁለቱ ገምጋሚዎች ከተጋጩ ማንን መስማት እንዳለበት ይንገሩት፤ አለዚያ ምስኪኑ ጸሐፊ ሁለቱንም ለማስደሰት ሲል ጽሑፉን ያበላሸዋል።

ስድብ ያለበት ግምገማ ሲመጣ ለጸሐፊው አያስተላልፉት፤ በራስዎ እጅም አይቀይሩት። ለገምጋሚው መልሰው «ሐሳቡን ይዘው ቃሉን ያስተካክሉልን» ይበሉት። «የእኔን አራት ሥራዎች ይጥቀስ» የሚል ገምጋሚ ካጋጠመዎት ሥራዎቹ ለጽሑፉ የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ራስዎ ይመርምሩ። አዘጋጅም የጆርናሉን ስም ለማስጠራት ጸሐፊን «ከእኛ ጆርናል ጥቀስ» ማለት የለበትም፤ ይህ ማስገደድ ነው።

ይግባኝ የሚሰማ አንድ ሰው ከቦርዱ ቀድመው ይሰይሙ። የወሰነው ሰው ይግባኝ አይሰማም።

የመምህሬ ጽሑፍ በሌላው አዘጋጅ እጅ ሁለት ገምጋሚ ዘንድ ሄደ። አንዱ አሳለፈው። ሁለተኛው የሠንጠረዥ ሁለት ድምር እንደማይገጥም አየ። ተመለሰ። አምስት ወር ዝም አሉ፤ ለበዓል እንኳ አልደወሉልኝም። ከዚያ ታርሞ መጣ፣ ወጣ። ከታተመ በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኘንና ጎናቸው ተቀመጥኩ። «ያቺ ልክ አይደለችም የተባለችው ሠንጠረዥ» አሉ፣ እየሳቁ፣ «ተማሪዬ ነበር የደመራት። አጠቃላይ መረጃውን የሰበሰበው እሱ ነው።» የተማሪው ስም በጸሐፊነትም በምስጋናም እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ የድርሻ ቅጹን ገና አልጀመርንም። ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ንፍሮ መጣ። አልጠየቅኩም።

7. የተጠኑት ሰዎች

ጸሐፊም ገምጋሚም የሚረሱት ይህንን ነው፤ አዘጋጅ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም።

ሰውን የሚመለከት ማንኛውም ጥናት ከተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያገኘው ደብዳቤ ቁጥሩና ቀኑ ተጠቅሶ ይቅረብ። ደብዳቤው መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የተጻፈ ከሆነ ቀኑ ይናገራል፤ ቀን ያወዳድሩ። ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት ፈቃዱን ሰጠ? በቃል ከሆነ ማን ምስክር ነበር? «ሁሉም ተሳታፊዎች ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል» የሚል አንድ መስመር ለጸበል ቦታ ሕሙማን፣ ለእስረኞች ወይም ለትምህርት ቤት ሕፃናት አይበቃም። ከ2016 ወዲህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የሕግ ነው።

ስም ማጥፋት ብቻውን ሰው አይደብቅም። «በቀበሌው ያለችው ብቸኛዋ ሴት የዓሣ ነጋዴ» ተብሎ ከተጻፈ ስሟን ባይጠሩትም አገሩ ሁሉ ያውቃታል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር እርስዎ ይቁረጡት።

የብራና መጻሕፍትና የቅርስ ጥናትም እዚህ ይገባል። የጣና ገዳማት ወይም የመርጡለ ማርያም ቅርስ ላይ የተሠራ ጽሑፍ ሲመጣ ማን ፈቀደ፣ ፎቶው በማን ስምምነት ተነሣ ብለው ይጠይቁ። ዕቃ ቤቱ የት እንደሆነ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ የሚገልጽ አንቀጽ ለሳይንስ ምንም አይጨምርም፤ ለሌባ ግን ካርታ ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሰርዤ ጸሐፊው ተቆጥቶብኛል። አልተጸጸትኩም።

ቃላትም አሉ። ስለ ሸክላ ሠሪዎች፣ ስለ ቆዳ ፋቂዎች፣ ስለ ወይጦዎች፣ ስለ ጉሙዝ ሕዝብ የሚጻፉ ጥናቶች የቆየ የንቀት ስም ይዘው የሚመጡበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንዳንዴ ከድሮ ምንጭ ተቀድቶ፣ አንዳንዴ ጸሐፊው ነውር መሆኑን ሳያውቅ። ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ይግባ። ቃሉ ራሱ የጥናቱ ጉዳይ ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይኑርና ይብራራ።

8. እርማት

ይህንን በአጭሩ። የጸሐፊውን ሐሳብ አይቀይሩ፤ የቀየሩትን ሁሉ አሳይተው ያስጸድቁ። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ በእያንዳንዱ ቦታ ይለይ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት የታሪክ ጽሑፍን ያፈርሳል። የኢትዮጵያዊ ስም በማጣቀሻ ውስጥ በራሱ ስም ይጀምር፤ አበበ ከበደን «ከበደ፣ አ.» ብለው ከገለበጡት ለአባትየው ጥናት ጻፉለት ማለት ነው። የፊደል አጻጻፍ አንድ ደንብ ይምረጡና በእሱ ይጽኑ፤ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በእኛ ቦርድ አንድ ሙሉ ከሰዓት በልቷል፣ እንደገና አልጀምረውም።

9. ከታተመ በኋላ ስሕተት ሲገኝ

በመጀመሪያ ዓመቴ የሠራሁትን ጥፋት ልንገርዎ። አንድ ጸሐፊ ከታተመ ከሁለት ወር በኋላ «አንድ ቁጥር ተሳስቻለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ቁጥሩን አርሜ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ቦታ ጫንኩት፤ ማስታወሻ አልጻፍኩም። ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ሁለት ሰዎች ያንኑ ጽሑፍ ሁለት የተለያየ ቁጥር አድርገው ጠቀሱት፤ አንዱ ሌላውን ውሸታም አለው። ውሸታሙ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ የታተመን ነገር በዝምታ አይንኩ። ትንሽ ስሕተት ከሆነ የእርማት ማስታወሻ ለብቻው ያውጡና ከጽሑፉ ጋር ያገናኙት። ከባድ ጥርጣሬ ኖሮ ምርመራው ካላለቀ «ይህ ጽሑፍ ጥያቄ ተነሥቶበታል» የሚል ማሳሰቢያ ያድርጉ። መደምደሚያው የማይታመን መሆኑ ከተረጋገጠ ይሰርዙት። መሰረዝ ማለት ከድረ ገጹ ማጥፋት አይደለም። ጽሑፉ እዚያው ይቆያል፣ በየገጹ «ተሰርዟል» የሚል ይታተምበታል፣ ማን እንደሰረዘውና ለምን እንደሆነ በነጻ የሚነበብ ማስታወሻ ይወጣል። ስርዘት ለአንባቢ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ እንጂ ለጸሐፊ የሚሰጥ ቅጣት አይደለም፤ በቅን ልቦና የተሳሳተ ሰው ጽሑፍም ይሰረዛል፣ ማስታወሻው ቅንነቱን ይናገርለት።

ክስ ሲመጣ መጀመሪያ ለጸሐፊው ይጻፉ። «ሰርቀሃል» አይበሉ፤ «እነዚህ ሁለት አንቀጾች ተመሳስለዋል፣ ማብራሪያ እንፈልጋለን» ይበሉና ሦስት ሳምንት ይስጡት። መልሱ ካላጠገበ ጉዳዩን ወደ ተቋሙ ይላኩ፤ ምርመራ የተቋም ነው፣ አዘጋጅ የሰውን ኮምፒዩተር አይበረብርም። ከሳሹ ስሙን ባይገልጽም ማስረጃው ከተያያዘ ይመርምሩት። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ወሬው ቡና ቤት ከደረሰ ግን ያጠፋው ሰው እርስዎ ነዎት።

መዘግየትም ዋጋ አለው። ዘ ላንሴት እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘውን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው። በ12 ዓመቱ መካከል ስንት ወላጅ ልጁን ሳያስከትብ ቀረ። ያው ጆርናል በ2020 በኮቪድ ጊዜ ምንጩ ሊረጋገጥ ባልቻለ የሆስፒታል መረጃ ላይ የተሠራ ጽሑፍ ግንቦት ውስጥ አውጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰርዞታል። ሁለተኛውም የሚያኮራ አይደለም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ግን ቢያንስ ጮኸ።

10. ገንዘብና ርክክብ

ጸሐፊን የሚያስከፍሉ ከሆነ ክፍያው በድረ ገጹ ላይ በግልጽ ይቀመጥ፤ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ማን እንደከፈለ አይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ያበላሸውን የሐሰት ጥናት ለ304 ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። ብዙዎቹ ከጸሐፊ ገንዘብ የሚሰበስቡ ነበሩ። «በአንድ ሳምንት እናወጣለን» የሚል ጆርናል ሲያዩ ይህን ያስታውሱ፤ የእርስዎም እንዲህ እንዳይል ይጠንቀቁ።

የሥራ ዘመንዎ ሲያልቅ የይለፍ ቃሎችን፣ የኢሜይል ሳጥኑን፣ የዝምድና ዝርዝሩን ደንብ፣ ያላለቁ ክሶችን በጽሑፍ ያስረክቡ። ጆርናሉ በግል ኢሜይልዎ ሲሠራ ከቆየ ዛሬውኑ ወደ ተቋም ያዙሩት፤ አዘጋጁ ሥራ ሲለቅ መዝገቡ አብሮ የጠፋ ጆርናል አውቃለሁ።

እኔ ባለፈው ሐምሌ አስረክቤያለሁ። ለተካችኝ አዘጋጅ ከሰጠኋት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ያልተዘጉ ጉዳዮች አሉ፤ ሁለት የዘገዩ ግምገማዎች፣ አንድ ይግባኝ፣ የአንድ ማተሚያ ቤት ሒሳብ። ከሥራቸው በእርሳስ አንድ መስመር አለ፦ «የሠንጠረዥ ሁለት ተማሪ፣ ስሙ ይጠየቅ።» አንብባ ቀና ብላ አየችኝ። «ማንን ነው የምጠይቀው?» አለች። የመምህሬን ስልክ ሰጠኋት።